የሌባና የሰይፍ ጀብዱ ታሪክ አጻጻፍ፦ ከሚሰረቀው ዕቃ እስከ ደራሲው ስም

ስለ ሌቦችና ስለ ሰይፍ የጀብዱ ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፍልሚያው ይጀምራል። ሁለት ሰይፎች ሲፋጩ፣ ካባ የለበሰ ሰው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል በዓይነ ሕሊናው ይታየውና ብዕሩን ያነሣል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ውጤቱም ደጋግሞ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። አሥር ገጽ ያህል የሚያስደስት ግርግር ከተጻፈ በኋላ ታሪኩ መሄጃ ያጣል። በዚህ መመሪያ የማቀርበው አሠራር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። የሌባ ሙያ ሳይታዩ ገብቶ ሳይታዩ መውጣት ስለሆነ፣ ሰይፉ ከአፎቱ የወጣበት ቅጽበት ዕቅዱ የከሸፈበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስርቆቱ እንደ ማንኛውም ከባድ ሥራ በክብደት፣ በሰዓት፣ በብርሃንና በድምፅ ተለክቶ ይታቀዳል፤ ሰይፉ ደግሞ ይዘገያል፣ ሲመዘዝም ዋጋ ያስከፍላል።

ደረጃ 1፦ የሚሰረቀውን ዕቃ ይምረጡ፣ ከዚያም ይመዝኑት

«ምን ይሰረቃል?» ለሚለው ጥያቄ «ሀብት» ወይም «ወርቅ» የሚል መልስ አይበቃም። ዕቃው መጠን፣ ክብደት፣ ቅርጽና ባለቤት ሊኖረው ይገባል። ወርቅ እጅግ ከባድ ብረት ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ መጠን የተሠራ የወርቅ ጡብ 19.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዚያው መጠን የተሠራ የብር ጡብ ደግሞ 10.5 ኪሎ ግራም። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ሣጥን 9 ሊትር ይይዛል። ይህ ሣጥን በወርቅ ሳንቲም ቢሞላ፣ በሳንቲሞቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ሁሉ ተቀንሶ እንኳ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እንዲህ ያለውን ሣጥን በብብቱ ሸጉጦ በመስኮት የሚዘል ሌባ የለም።

ይህን የመሰለው ስሌት ምናባቸውን የሚያስርባቸው የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉ። በእኔ ልምድ ግን ታሪኩን የሚወልደው ይኸው ስሌት ነው። እስከ መመሪያው መጨረሻ አብረውን የሚዘልቁ ሁለት ሌቦች ላቅርብ። አንዷ ገመድ በመውጣት የተካነች ወጣት ናት፤ ገመደኛዋ እንበላት። ሌላው ከሠራዊት የተሰናበተ ጎልማሳ ሰይፈኛ ነው። በአንድ ገዥ ግንብ ላይ ባለው ግምጃ ቤት ውስጥ ያ የወርቅ ሣጥን አለ። ሰይፈኛው ሣጥኑን ይፈልገዋል። ገመደኛዋ ደግሞ ክብደቱን አስልታ፣ በያዙት ገመድና በሁለት ሰው ጉልበት ሣጥኑ ያለ ድምፅ እንደማይወርድ ተረድታለች፤ ነገር ግን ለባልደረባዋ አትነግረውም። ለምን? እርሷ የመጣችው ከሣጥኑ አጠገብ ለተቀመጠው፣ ከመቶ ግራም ለማይበልጠው የገዥው ማኅተም ነው። አንድ ተራ የክብደት ስሌት ምስጢር፣ ውሸትና ሊመጣ ያለ ጠብ ሰጠን ማለት ነው። «ሴራ» የሚለው ቃላችን በሥነ ጽሑፍ ትርጉሙም (የታሪኩ ድርጊቶች ትስስር) በዕለት ተዕለት ትርጉሙም (የስውር ተንኮል) እዚህ ላይ ይገናኛል።

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ የባለቤቱን ማግሥት በአንድ ገጽ ይጻፉ። ጠዋት ተነሥቶ ዕቃውን ሲያጣ መጀመሪያ ማንን ይጠራል? ማንን ይጠረጥራል? ለማንስ መናገር ያፍራል? ይህ ገጽ በታሪኩ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ሆኖም አሳዳጁ ከየት እንደሚመጣና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ የሚያሳውቀው እርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ለሌቦቹ ሙያ፣ ጉድለትና የማይጥሱት ወሰን ይስጧቸው

ሁሉን የሚችል ሌባ ልብ አያንጠለጥልም። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ የሚያስመካ ሙያና ያንን ሙያ በወሳኝ ሰዓት የሚፈታተን አንድ ጉድለት ይምረጡ። ሰይፈኛችን በሰይፍ አያያዝ ወደር የለውም፤ ነገር ግን በድሮ ቁስል ምክንያት የቀኝ እጁ አንጓ ከጥቂት ምቶች በኋላ ይዝላል። ገመደኛዋ ማንኛውንም ግድግዳ ትወጣለች፤ ነገር ግን «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» እንደሚባለው፣ በሌላ ሰው እጅ የታሰረ ገመድ ላይ ክብደቷን ማሳረፍ አይሆንላትም። እነዚህን ሁለት ጉድለቶች ያየ አንባቢ ታሪኩ ወዴት ሊወስዳቸው እንደሚችል መጠርጠር ይጀምራል፤ ጥርጣሬውም ገጽ ያስገልጠዋል።

አንባቢ ሌባን የሚወድደው ሌብነትን ስለሚወድ አይደለም። ሰውየው በሙያው ጠንቃቃ ሲሆን፣ ለሠራው ሁሉ ዋጋ ሲከፍልና የማይጥሰው ወሰን ሲኖረው አብሮት ይጨነቃል። ወሰኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ለምሳሌ ሰይፈኛው ጀርባውን የሰጠ ሰው አይመታም። ከዚያም ያ ወሰን ጥቅሙን፣ ምናልባትም ነፍሱን የሚያሳጣበትን ትዕይንት ያዘጋጁ። ወሰኑ በንግግር ብቻ ተጠቅሶ በፈተና ካልታየ ከታሪኩ ቢወጣ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ መቼቱን ከጨረቃ ይጀምሩ

የሌባ ታሪክ መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ሌሊት ነው፤ ሌሊቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትወጣበት ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ትወጣና ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች። በመሙላት ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ገደማ ትጠልቃለች። በመጉደል ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ ደግሞ እኩለ ሌሊት ገደማ ትወጣለች። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሙሉ ጨረቃ ያወጣል። የሚያውቅ ጸሐፊ ግን ጨረቃዋን እንደ ሰዓት ይጠቀምባታል፤ ሌቦቹ በመሙላት ላይ ያለችውን ግማሽ ጨረቃ መርጠው፣ በብርሃኗ እስከ ግንቡ ሥር ይሄዳሉ፣ እስክትጠልቅ ይጠብቃሉ፣ በጨለማው ይወጣሉ። መዘግየት ሲመጣ አንባቢው ስንት ሰዓት ጨለማ እንደቀረ ራሱ ያሰላል።

የዓይንን ነገርም ይወቁ። የሰው ዓይን ከብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የለመደውን ግን በሰከንዶች የብርሃን እይታ ያጣዋል። ችቦ የያዘ ዘበኛ ዙሪያውን ጥቂት እርምጃ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ጨለማ ግን ከሌባው ይልቅ እርሱ ዕውር ነው። በሌላ በኩል፣ አንድ ሰው ሳይታሰብ በር ቢከፍትና የመብራት ብርሃን በሌባዋ ፊት ላይ ቢወድቅ ለብዙ ደቂቃ መንገዷን ለማየት ትቸገራለች። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አልመታም፤ አደጋው ግን ከሰይፍ ምት አያንስም።

ስለ መውጫው ገመድ፦ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ ለመጨበጥ ይመቻል፣ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ ይደነድናል፣ ቋጠሮውም በቀላሉ አይፈታም። ዝናብ እንዲዘንብ ከፈለጉ ለማስዋብ ብቻ አያዝንቡት፤ ቋጠሮው ላይ ያዝንቡት።

መቆለፊያውን በሚመለከት ብዙ ጽሑፎች ይሳሳታሉ። በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥቃቅን ካስማዎችን አንድ በአንድ እያነሡ የሚከፈተው ዓይነት የበር ቁልፍ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት በሰፊው ይሠራበት የነበረው የብረት መቆለፊያ፣ በውስጡ የተሳሳተ ቁልፍ እንዳይዞር የሚያግዱ ቋሚ ብረቶች ያሉት ነበር። እንዲህ ያለውን መቆለፊያ የሚያሸንፈው ጥርሱ ተሞርዶ የቀጠነ፣ እነዚያን አጋጆች ሳይነካ የሚያልፍ ቁልፍ ነው። የታሪክዎ ዓለም ሰይፍ የሚታጠቁ ሰዎች ዓለም ከሆነ፣ ሌባዋ በቀበቶዋ ላይ የምትይዘው እንዲህ ያሉ ሦስትና አራት የተሞረዱ ቁልፎችን ይሁን። ቁልፎች ሲነካኩ ድምፅ ስለሚያሰሙም እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። የጨርቁ መፈታት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ደግሞ ለልብ ሰቀላ ይሆናል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በሰዓት ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ ጨረቃዋ የምትጠልቅበት፣ ዘበኞቹ ተራ የሚለዋወጡበት፣ ገመዱ የሚወጣበት፣ በሩ የሚከፈትበት፣ ጎህ የሚቀድበት። ወረቀቱ ከአጠገብዎ አይለይ።

ደረጃ 4፦ ዕቅዱ ምን ያህል እንደሚነገር ይወስኑ

በዚህ ዓይነት ታሪክ የተለመደው ዘዴ ሁለት መልክ አለው። ዕቅዱ ለአንባቢ አስቀድሞ በዝርዝር ከተነገረ በአፈጻጸም ላይ ይበላሻል፤ ከተደበቀ ደግሞ ይሳካል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ያነበበ ሰው ገና ዕቅዱ ሲተረክለት እንደሚከሽፍ ያውቃል። እኔ የምመርጠው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ይነገር፣ ሙሉ በሙሉም ይሳካ፣ የተደበቀው ግን የአንደኛዋ ዓላማ ይሁን። በእኛ ምሳሌ ገመዱ ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ዘበኛው በተባለው ሰዓት ያልፋል። ሰይፈኛው ሣጥኑን ሊያነሣ ጎንበስ ሲልና ሣጥኑ ከወለሉ ንቅንቅ አልል ሲለው፣ ቀና ብሎ ገመደኛዋን ያያታል። ማኅተሙን በእጇ ይዛለች፤ አልተገረመችም። የታሪኩ ጡዘት ይህ አለመገረሟ ነው።

ይህ መንገድ የሚሠራው ግን የትረካ አንጻሩ በትክክል ከተመረጠ ብቻ ነው። ትረካው በገመደኛዋ አእምሮ ውስጥ ሆኖ ዓላማዋን ቢደብቅ አንባቢን ማታለል ይሆናል፤ ስለዚህ አንጻሩ የሰይፈኛው ይሁን፣ እርሱ የሚያየውንና የሚገምተውን ብቻ ይከተል። ንግሩንም፣ ማለትም በኋላ ለሚሆነው አስቀድሞ የሚሰጠውን ፍንጭ፣ አይርሱ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ገመደኛዋ የሣጥኑን መጠን ጠይቃ በጣቶቿ ስትቆጥር ትታይ። ሰይፈኛው ድርሻዋን እያሰላች መስሎት ፈገግ ይበል።

ደረጃ 5፦ ሰይፉን አዘግይተው ይምዘዙት፣ ሲመዘዝም በልኩ ይጻፉት

መጀመሪያ መሣሪያውን ይወቁ። በአንድ እጅ የሚያዝ የጦር ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ነው። በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ የፍልሚያ ሰይፍ እንኳ ከ3 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ «ሁለት ሰው የማያነሣው ሰይፍ» የሚለውን ለተረት ይተዉት። የሰይፍ ኃይሉ በክብደቱ ሚዛን፣ በስለቱና በርቀቱ ላይ ነው። በስለቱ መካከል ቁልቁል የሚወርደው ቦይም ክብደት ለመቀነስ የተሠራ ነው፤ ደም ማፍሰሻ ነው የሚባለው ስሕተት ነው። ከቆዳ ወይም በቆዳ ከተሸፈነ እንጨት አፎት የሚወጣ ሰይፍ የሚያሰማው ትንሽ የፍትጊያ ድምፅ እንጂ እንደ ቃጭል የሚያስተጋባ ድምፅ አይደለም። ረጅም ሰይፍ በጀርባ ታዝሎ በትከሻ በኩል ሊመዘዝ አይችልም፤ ክንድ ከስለቱ ርዝመት ስለሚያጥር ጫፉ ከአፎቱ ሳይወጣ እጁ ያልቃል። ለማጓጓዝ ያዝሉት፣ ለመምዘዝ ግን ወገብ ላይ ይታጠቁት።

የብረት ጥሩር የለበሰን ሰው በሰይፍ ምት መቁረጥ አይቻልም፤ ምቱ አጥንት ሊሰብር ይችላል፣ ጨርቅ እንደሚቀደድ ግን አይቀድደውም። ስለዚህ ሌባ ከታጠቀ ዘብ ጋር ሲገጥም ክፍት ቦታ ይፈልጋል፦ ፊትን፣ ብብትን፣ የጉልበትን ጀርባ። ወይም ደግሞ አይገጥምም፤ ከባዱን የለበሰውን ሰው ደረጃ ለደረጃ ያስሮጠዋል።

ከሁሉ በላይ የፍልሚያውን ቦታ ይመልከቱ። ረጅም ሰይፍ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። በጠባብ ኮሪደር ወይም በጠመዝማዛ ደረጃ ላይ የተወረወረ ምት ግድግዳ ይመታል፣ ጣሪያ ይነካል፤ እዚያ ላይ የሚያሸንፈው አጭር ጩቤ የያዘው ወይም ረጅሙን ሰይፍ እንደ ጦር ለመውጊያ ብቻ የሚጠቀመው ነው። ሰይፈኛችን ሜዳ ላይ አራት ሰው የሚመክት ሊሆን ይችላል፤ በግንቡ ደረጃ ላይ ግን አንድ ጩቤ የያዘ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሊያስጨንቀው ይገባል። እንዲህ ያለው ፍልሚያ ሰይፈኛውን አያሳንሰውም፤ አንባቢ ለእርሱ በእውነት መፍራት የሚጀምረው እዚህ ነው።

በስለት የሚደረግ እውነተኛ ግጥሚያ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ሦስት ገጽ የሚወስድ የሰይፍ ልውውጥ አንባቢን ያደክማል። ልምዴ እንዲህ ነው፦ ከግጥሚያው በፊት ያለውን ውጥረት አንድ ሙሉ ገጽ እሰጠዋለሁ፣ ለግጥሚያው ራሱ ግማሽ ገጽ፣ ከግጥሚያው በኋላ ለሚመጣው ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ ቦታ። ከግጥሚያው በኋላ የሚመጣው ብዙ ነውና። ልብ በኃይል ሲመታ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥቃቅን ሥራ አይታዘዝላቸውም። አፍ ይደርቃል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰው የወጋ እጅ የተሞረደ ቁልፍ መቆለፊያ ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። ስለዚህ ሰይፉ ከሁለተኛው በር በፊት ከተመዘዘ፣ ሁለተኛው በር ከበፊቱ ይልቅ ከባድ ሆኗል። የሰይፍና የስርቆት ታሪክ አንድ አካል የሚሆነው በዚህች መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ መቶ ገጽ የጀብዱ ጽሑፍ አንብቤ ይህችን መገጣጠሚያ ሳላገኝ ስቀር ደራሲው ሁለት ቁራጭ ታሪክ ይዞ ሳያገጣጥማቸው እንደተወ ይሰማኛል።

ቁስልም ይቆይ። በምዕራፍ ሦስት የተወጋ ትከሻ በምዕራፍ አራት ገመድ ሊወጣ አይገባም። ሰይፉም ቁስል አለው፤ ስለት ከስለት ጋር ሲጋጭ ይሸረፋል፣ ያልተጠረገ ደም ያዝገዋል። ሰይፈኛው ሌሊቱን አምልጦ ጎህ ሲቀድ ቁጭ ብሎ ስለቱን በዘይት ጨርቅ ሲያብስና ሽርፉን በጣቱ ሲዳስስ የሚያሳይ አጭር ትዕይንት፣ ስለ ሰውየው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ከሚተርክ ረጅም ምልሰት የበለጠ ሊነግር ይችላል።

ደረጃ 6፦ ዓረፍተ ነገሩን ለሥራው ይሳሉት

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ዓይነት ታሪክ የተመቸ መሣሪያ በእጁ አለ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢ የሆነውን ነገር የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። ይህን ይመልከቱ፦ «ዘበኛው ችቦውን ከፍ አድርጎ፣ ደረጃውን በዝግታ ወርዶ፣ የበሩን መቀርቀሪያ በእጁ ዳስሶ ተመለሰ።» «ተመለሰ» እስኪመጣ ድረስ ከበሩ ጀርባ የተደበቀችው ሌባ ዕጣ አልታወቀም፤ በምትኩ «ከፈተው» ቢባል ታሪኩ በአንድ ቃል ይገለበጥ ነበር። በቦዝ አንቀጽ («አድርጎ»፣ «ወርዶ»፣ «ዳስሶ» በሚሉት ዓይነት ያልተቋጩ ግሦች) የተደረደሩ ድርጊቶች ለሰርጎ መግባት ትዕይንት ይስማማሉ፤ አንባቢ ትንፋሹን ይዞ ይከተላቸዋል። ለፍልሚያ ግን ተቃራኒው ይሠራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፣ ግሡ ቶሎ ይምጣ፦ «ገፋው። ደረጃው አዳለጠው። ሰይፉ ግድግዳ መታ።» አንዱን ስልት በሌላው ቦታ ያስገባ ጸሐፊ ፍልሚያውን ያፈዝዘዋል፣ ሰርጎ መግባቱን ደግሞ ያጣድፈዋል።

ቋንቋው እንቅፋትም አለው። የግሣችን ቅርጽ ጾታ ይናገራል። ጭምብል ያደረገችን ሌባ «ወረደች» ብለን ከጻፍን ምስጢሩ አለቀ፤ «ወረደ» ብለን በኋላ ሴት መሆኗን ብንገልጥ ደግሞ አንባቢ ዋሸኸኝ ሊል ይችላል። ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው፣ ባለቤቱን ከሰውየው ወደ ነገሩ ማዞር ነው፦ «ጥላው ከግድግዳው ተላቀቀ»፣ «ካባው በመስኮቱ አለፈ»። ሁለተኛውና የምወደው፣ አንጻሩን ለተሳሳተው ተመልካች መስጠት ነው። ዘበኛው ወንድ መስሎታልና በእርሱ ዓይን «ወረደ» እንላለን፤ ስሕተቱ የዘበኛው ነው፣ ሲገለጥም የሚደነግጠው እርሱ ነው።

የአክብሮት አጠራርም ሥራ ይሥራ። ሰይፈኛው ነጋዴ መስሎ ገዥውን «እርስዎ» እያለ ሲያነጋግረው ቆይቶ፣ ሰይፉ በወጣበት ቅጽበት «አንተ» ቢለው፣ የኃይል ሚዛኑ መለወጡን ለማስረዳት ሌላ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። ገመደኛዋም ከእርሷ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰይፈኛ በመጀመሪያ «አንቱ» ስትለው ቆይታ፣ ከግንቡ ከወረዱ በኋላ «አንተ» ማለት ብትጀምር፣ ይህ መቀራረብ ይሁን ንቀት ንግግሩ እንዲያሳይ ይተዉት። ድምፅን በሚመለከት ኮሽታው፣ ሲጢጥታው፣ ቀጭታው ሁሉ የእኛው ነው፤ ሆኖም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል። ጸጥ ባለ ገጽ ላይ የተሰማች አንዲት ኮሽታ ትበቃለች።

ደረጃ 7፦ ክፍፍሉን ይጻፉ

ሌቦች ሲሰርቁ ይስማማሉ፣ ሲካፈሉ ይጣላሉ ይባላል። ብዙ ጀማሪዎች ታሪኩን ከግንቡ ማምለጥ ላይ ይዘጉታል፤ ያለ ጊዜው የተዘጋ ነው። የተሰረቀው ነገር ወደ ገንዘብ መለወጥ አለበት፤ የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛው ሰው ደግሞ ሌባው መቸኮሉን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብራል። የእኛ ማኅተም ጭራሽ ሸማች የለውም፤ ጥቅሙ ለሚያትመው ብቻ ነው። ሰይፈኛው ባዶ እጁን ሊቀር ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሌቦች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሰይፉ በመካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ማንም ሳይነካው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ከግንቡ ሁሉ የበለጠ ሊከብድ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ረቂቁን ከኋላ ወደ ፊት ያርሙ

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳያርሙ እስከ መጨረሻው ይጻፉ፤ ከዚያ ጥቂት ቀናት ያሳርፉት። ሲመለሱ እርማቱን ከመጨረሻው ትዕይንት ጀምረው ወደ ኋላ ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ «ይህ እንዲሆን ከዚህ በፊት ምን መታየት ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። ጩቤው ከየት መጣ? ገመዱ ግንቡ ላይ ቀረ ወይስ ወረደ? የሰዓት ወረቀቱን ያውጡና ጨረቃዋን ያረጋግጡ። ከዚያ ሰይፍ የተመዘዘበትን ቦታ ሁሉ ያስምሩበት። ከተመዘዘ በኋላ ምንም ነገር ካልተለወጠ፣ ማለትም ማንም ካልቆሰለ፣ ሰዓት ካልባከነ፣ ምስጢር ካልወጣ፣ ወዳጅነት ካልሻከረ፣ ያንን መምዘዝ ይሰርዙት። እኔ በመጀመሪያ ረቂቄ ላይ ሰባት ጊዜ የተመዘዘ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይቀርልኛል።

የፍልሚያውን ትዕይንት ለብቻው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ እጅና እግሩ የማን እንደሆነ ያልገባዎት ቦታ ካለ ለአንባቢም አይገባውም። በዱላ ቆመው ቢሞክሩት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቀኝ እጁ ገመድ የያዘ ሰው በቀኝ እጁ ሰይፍ ሲመዝዝ የጻፉትን ያን ጊዜ ያገኙታል።

ደረጃ 9፦ የደራሲነቱን ጉዳይ አስቀድመው ይጨርሱ

የሌባና የሰይፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ በጨዋታ መካከል፣ በሁለት ወዳጆች ወግ ይወለዳል፤ ተከታታይ መሆንም ይወድዳል፤ በዚህ ምክንያት «ደራሲው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሌሎች ዘርፎች ይልቅ ያስቸግረዋል። ዝነኛውን የአሊ ባባንና የአርባ ሌቦችን ታሪክ የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ተርጓሚ ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን እ.ኤ.አ. በ1709 የሰማው ከሶርያዋ ከተማ ከሐላብ (አሌፖ) ሰው ከሐና ዲያብ ነበር፤ ታሪኩ በ1717 ታትሞ ሲወጣ ግን የተራኪው ስም አብሮት አልወጣም። በዘመናዊው የሰይፍ ጀብዱ ታሪክ ውስጥ የተለየ አካሄድም አለ። አሜሪካዊው ደራሲ ፍሪትዝ ላይበር ዕድሜ ልኩን የጻፈላቸው ሁለት ሌባ ሰይፈኞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከወዳጁ ከሃሪ ኦቶ ፊሸር ጋር በተለዋወጠው ደብዳቤ የተፈጠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ታሪክ በ1939 ታተመ። ታሪኮቹን በአብዛኛው የጻፈው ላይበር ቢሆንም የፊሸርን ድርሻ ግን አልደበቀም።

እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው የደራሲያን መብት ዓለም አቀፍ ውል፣ የበርን ስምምነት፣ የደራሲን መብት ቢያንስ ለሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሥራው የጋራ ከሆነ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ከሚሞተው ደራሲ ነው። ማንነቱ በማይታወቅ የብዕር ስም የታተመ ሥራ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው ሥራው ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ይጀምራል። የብዙ አገሮች ሕግ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ስለሚሰጥ የሚያሳትሙበትን አገር ሕግ ይመልከቱ። በሕግ የሚጠበቀው የተጻፈው ድርሰት እንጂ ሐሳቡ አይደለም፤ «ሁለት ሌቦች ግንብ ይሰብራሉ» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፣ እርስዎ የጻፏቸው ዓረፍተ ነገሮች ግን የእርስዎ ናቸው።

ስለዚህ ከወዳጅዎ ጋር ገጸ ባሕርያት ከፈጠሩ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ። በሽፋኑ ላይ የሚወጡት ስሞች፣ ቅደም ተከተላቸው፣ አንዱ ብቻውን ተከታይ ታሪክ ለመጻፍ የሚችልበት ሁኔታ፣ የገቢው ክፍፍል፣ አንዱ ቢሞት መብቱ ለማን እንደሚተላለፍ በግልጽ ይስፈር። ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ፤ ቀኑም ይጻፍበት።